ገብስ፣ ስልጆ እና አእምሯችን

[ምስል፦ ደብረ ብርሃን፣ ብርዳማ ጠዋት። ጋቢ የደረበ ሰው የገብስ ቆሎ ይቆረጥማል።]

ይሄ ቆሎ ለአእምሮ ምን ይጠቅማል? መልሱ ያለው ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው።

እዚያ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ስኳሩ እነሱ ጋ ሳይደርስ ትንሹ አንጀት ላይ ተመጦ ያልቃል። የሚደርሳቸው እኛ መፍጨት ያቃተን አሰር ነው። የገብስ፣ የባቄላ፣ የአተር አሰር። እሱን አብላልተው ቡቲሬት የሚባል አሲድ ያወጣሉ። ቡቲሬት የአንጀትን ግድግዳ ይመግባል፤ ቁስል ሲያብጥና ሲቀላ እንደምናየው ያለውን የሰውነት መቆጣትም ያበርዳል። ሳይበርድ የከረመ መቆጣት ደግሞ ብዙ የድብርት ሕሙማን ላይ ይታያል።

[ምስል፦ ከአንጎል ግርጌ እስከ ሆድ የሚወርድ ነርቭ።]

ቬገስ የሚባል ነርቭም አለ። አብዛኛው መልእክቱ ከሆድ ወደ አንጎል የሚወጣ ነው።

«90 በመቶው ሴሮቶኒን አንጀት ውስጥ ይሠራል፤ ደስታ ከሆድ ነው» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ሴሮቶኒን ከስሜታችን ጋር የተያያዘ ኬሚካል ነው። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ድምዳሜው ግን አይደለም። የአንጀቱ ሴሮቶኒን ወደ አንጎል አያልፍም። አንጎል የራሱን ይሠራል።

ታዲያ አመጋገብ ለውጥ ያመጣል? እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ድብርት ያለባቸው 67 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ለ12 ሳምንት በባለሙያ እየታገዙ ጥራጥሬ፣ አትክልትና ዓሣ አዘወተሩ። ሌሎቹ አጫዋች ብቻ ተመደበላቸው። ከበሉት ሲሶ ያህሉ ከድብርቱ ወጡ፤ ከሌሎቹ 8 በመቶ። ጥናቱ ትንሽ ነው። ብዙዎቹም መድኃኒታቸውን ወይም የምክር ክትትላቸውን ይዘው ነበር። እናንተም ሐኪም ያዘዘላችሁን እንዳታቋርጡ፣ አደራ።

[ምስል፦ የስልጆ ዕቃ ክዳን ሲነሳ።]

አሁን ወደ ጓዳችን፣ ወደ ስልጆ። የሱፍ ውሃና የባቄላ ዱቄት አብሮ ይበስላል። ሲበርድ ሰናፍጭ ይገባበትና ተከድኖ ለቀናት ይቀመጣል። ሲከፈት ያ ኮምጣጣ ሽታ አፍንጫን ሰርስሮ ይገባል። ስልጆ ሳይሞቅ ስለሚበላ ያኮመጠጡት ባክቴሪያዎች በሕይወት ሆድ ይገባሉ። የእንጀራው እርሾ ባክቴሪያ ግን ምጣድ ላይ ይሞታል። ቢሆንም የምንጃር ጤፍ አሰሩን ይዞ ይቀራል፤ እሱ ይበቃናል።

እውነት ለመናገር፣ የገብስ አገር ላይ ተቀምጠን ቁርሳችን ነጭ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ሲሆን ያንገበግበኛል። በሶ እኮ ለመበጥበጥ ደቂቃም አይፈጅም!

ባቄላ ከበላ የቆየ ሰው ቀስ ብሎ ይጀምር። መጀመሪያ እፍኝ ይበቃል። ውሃም ይጠጣበት፤ አለዚያ ሆዱ ይነፋል።