ባለቤቱ ራሱ ተበዳሪ ሲሆን

ጤና ይስጥልኝ። አብዛኞቻችሁ የባንክ ሥራ ገና የጀመራችሁ ናችሁ ብለውኛል፤ ስለዚህ በወለድ ስሌት አላደክማችሁም። የመጣሁት የጃካርታን የግል ባንኮች ነገር ላጫውታችሁ ነው።

በኦክቶበር 1988 የኢንዶኔዥያ መንግሥት 10 ቢሊዮን ሩፒያ ያለው ባንክ ይክፈት አለ። በጊዜው ምንዛሪ 6 ሚሊዮን ዶላር እንኳ አይሞላም። ከዚያማ ማን ይቻላቸው! በጥቂት ዓመታት ውስጥ የባንኮቹ ቁጥር ከ200 ዘለለ። ሲሚንቶ ያለውም፣ መኪና የሚገጣጥመውም ባንክ አቋቋመ፤ ለብድር የሰው ደጅ ከመጥናት የራስን ባንክ ከፍቶ፣ ሕዝቡ ያስቀመጠውን ገንዘብ ለራስ ድርጅት ማበደር ይቀላላ። ሕጉ ለዚህ ጣሪያ አበጅቶለት ነበር። ማን አይቶት።

በ1992 ሱማ የሚባለው ባንክ ወደቀ። ባንኩ የልጅ ነበር፤ አባትየው ግን አስትራ የተባለውን ትልቅ የመኪና ኩባንያ የመሠረቱት ዊልያም ሱርያጃያ ናቸው። የልጃቸውን ዕዳ ለመክፈል አስትራ ውስጥ የነበራቸውን ድርሻ ሸጡ። ዕድሜ ልካቸውን የለፉበትን! እኔ እኚህን አባት በጣም አከብራለሁ፤ ግን አስቀማጭ በባለቤቱ አባት ደግነት እየታመነ መኖር የለበትም።

ኖቬምበር 1 ቀን 1997፣ ሩፒያ እየወደቀ ሳለ፣ ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ጋር በተደረገ ስምምነት 16 ባንኮች በአንድ ቀን ተዘጉ። አንዱ የፕሬዝዳንት ሱሃርቶ ልጅ ድርሻ የነበረበት አንድሮሜዳ ነው። ልጅየው ምን አደረገ? የገንዘብ ሚኒስትሩን ከሰሰ፣ ክሱን ተወ፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላ ባንክ ይዞ ብቅ አለ። ሕዝቡ ይህን እያየ፣ ለተዘጉት ባንኮች አስቀማጮች የሚከፈለው እስከ 20 ሚሊዮን ሩፒያ ብቻ ነው ሲባል ደግሞ፣ ያልተዘጉት ባንኮች ደንበኞችም ነገ የእኔ ተራ ነው እያሉ ገንዘባቸውን ወደ መንግሥትና ወደ ውጭ ባንኮች ያሸሹ ጀመር።

ባንክ ሴንትራል ኤዥያ፣ ቢሲኤ የሚባለውን እንኳ አስቀማጮች አልራሩለትም። ኤቲኤሙን በየከተማው ያስፋፋ፣ ሥራውን የሚያውቅ ባንክ ነበር። ባለቤቶቹ ግን ለሱሃርቶ ቅርብ የነበሩት የሳሊም ቤተሰብ ናቸው፤ ከብድሩም ብዙው የራሳቸው ቡድን ድርጅቶች ጋ ነበር። በሜይ 1998 ጃካርታ ስትቃጠል የቤተሰቡ መኖሪያ ቤትም ተቃጠለ፤ ኤቲኤሞቹ ጋ የነበረውን ሰልፍ አስቡት። መንግሥት ባንኩን ወሰደው። በ2002 ደግሞ 51 በመቶውን ለአንድ የውጭ ኢንቨስተርና ለሃርቶኖ ወንድማማቾች፣ ለጃሩም ሲጋራ ባለቤቶች፣ ሸጠው። ዛሬ የአገሪቱ ትልቁ የግል ባንክ ነው። ያው ባንክ!

ሰዉ እንዴት ተመለሰ? ኢንዶኔዥያውያን እንደኛ ዕቁብ አላቸው፣ አሪሳን ይሉታል፤ ባንክ ሲያስጠላቸው መጠጊያ አያጡም። ግን ከ2005 ጀምሮ የተቀማጭ ዋስትና ድርጅት፣ ማለትም ባንክ ሲወድቅ ለአስቀማጩ የሚከፍል ድርጅት፣ አላቸው። ዛሬ ለአንድ ሰው በአንድ ባንክ እስከ 2 ቢሊዮን ሩፒያ ይሸፍናል። ደስ የሚለኝ አንዷ ቅድመ ሁኔታው ናት፦ ድርጅቱ ካወጣው ጣሪያ በላይ ወለድ የምትቀበል ከሆነ ዋስትናው አይሠራልህም።

እና ነገ የባለቤቱ ድርጅት የብድር ማመልከቻ ጠረጴዛችሁ ላይ ቢያርፍ ምን ትላላችሁ? መልሱን ከእናንተ መስማት እፈልጋለሁ፤ ማይኩን ከኋላ እንጀምር።