የታጠፈው አውራ ጣት

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የምቀዳው አራት ኪሎ፣ እህቴ ቤት ጓዳ ውስጥ ሆኜ ነው። ልጁ ሳሎን ተኝቷል። የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ከሰማችሁ ይቅርታ፣ ከዚህ የተሻለ ጸጥ ያለ ቦታ የለም።

ስለ አንድ ጣት ላውራችሁ። የእህቴ ልጅ ሲወለድ ሁላችንም ያየነው ጭንቅላቱን ነበር። ውኃ ቋጥሯል ተባለ፤ ማፍሰሻ ቱቦ ገባለት። አውራ ጣቱን ግን ማናችንም ልብ አላልነውም። በሁለቱም እጁ ወደ መዳፉ ታጥፎ፣ በሌሎቹ ጣቶች ተሸፍኖ ነበር። ሕፃን ሁሉ እጁን ይጨብጣል ብለን አለፍነው። ከወራት በኋላ አንዲት ሐኪም ጣቱን ቀስ ብላ ዘረጋችና ለቀቀችው። ተመልሶ ታጠፈ። "የኔ እህት፣ በእናትሽ ወገን እንዲህ ሆኖ የሞተ ወንድ ልጅ ነበር?" አለቻት።

ነበር። ታላቅ ወንድማችን። እኔ አልደረስኩበትም። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ "ምች መትቶት ነው" ስትል ነው የኖረችው።

ደም ተወስዶ ውጭ አገር ተላከ። መልሱ ሲመጣ ችግሩ ኤል ዋን የሚባለውን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን ላይ ነው ተባለ። ጂኑ ከዚህ በሽታ ጋር መያያዙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው።

ፕሮቲኑ ምን ይሠራል መሰላችሁ? ፅንስ ውስጥ የነርቭ ሕዋስ ሲያድግ ረጅም ክር ይዘረጋል። የክሩ ጫፍ እየዳበሰ ነው የሚሄደው። ስፔናዊው ራሞን ኢ ካሃል እ.ኤ.አ. በ1890 ይህን ጫፍ በጫጩት ፅንስ ውስጥ አይቶ የእድገት ሾጣጣ ብሎታል። ጫፉ ትንንሽ ጣቶች ያወጣል፤ ይነካል፣ ይይዛል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይይዛል። ኤል ዋን በክሩ ገጽ ላይ ተተክሎ የጎረቤቱን ክር ኤል ዋን ይጨብጣል። አንዱ ክር መንገድ ካገኘ ሌላው እሱን ተደግፎ ይከተላል። እማዬ ስትፈትል ያየሁት ትዝ ይለኛል፤ ባዘቶው አንዱ ጭረት ሌላውን ካልያዘ ክር አይወጣም። ደግሞ መያዝ ብቻ አይበቃም። ኤንካም የሚባለው ሌላው አጣባቂ ፕሮቲን ረጅም የስኳር ሰንሰለት ይለብስና አያያዙ ይላላል፤ ሕዋሱ መንቀሳቀስ የሚችለው እንዲያ ሲሆን ነው።

ኤል ዋን ሲጓደል ቀኝና ግራ አንጎልን የሚያገናኘው የክር ድልድይ ይሳሳል ወይም ጭራሽ አይኖርም። ከአንጎል ወደ አከርካሪ የሚወርደው መስመርም ይጎድላል፤ ስለዚህ እግር ይገተራል። የአንጎል ውኃ የሚያልፍበት ቀጭን ቦይ ይጠባል።

አደራ፣ ጭንቅላቱ ውኃ የቋጠረ ሕፃን ሁሉ ይህ ችግር አለበት ማለት አይደለም። ከኢንፌክሽን በኋላ የሚመጣ አለ፤ የአከርካሪ ክፍተት አብሮት የሚሆንም አለ። ያ ክፍተት መዘጋት የነበረበት በፅንሱ የመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ነው፤ ለዚህ ነው እሱን ለመከላከል የሚወሰደው ቫይታሚን፣ ፎሊክ አሲድ፣ ከእርግዝና በፊት ተጀመረ አልተጀመረ የሚባለው።

የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ሳለን አንዲት ሠራተኛ እህቴን "በእርግዝናሽ ምን ነክተሽ ነው?" አለቻት። ሰፈር ውስጥም በቀትር ወንዝ ተሻግራ ነው ተባለ። እህቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ግንፍሌን በቀትር የተሻገረችበትን ቀን ስታስብ ኖረች። ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ "ለካ ከእኔ ነው" አለች። ይህ ጂን ያለው ኤክስ በሚባለው ክሮሞዞም፣ ማለትም ጂኖችን በሚሸከመው ጥቅል ላይ ነው። ወንድ ኤክስ ክሮሞዞም ያለው አንድ ብቻ ነው፤ መጠባበቂያ የለውም። እናት ሁለት ስላላት ተሸክማው ትኖራለች፣ ምንም ሳይሰማት። የምትወልደው ወንድ ሁሉ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ይህ ከተረገዘበት ቅጽበት የነበረ ነገር ነው፤ ያኔ ወንዝም ቀትርም የለም። ስንት ጊዜ ነገርኳት። አሁን አሁን ትሰማኛለች።

እኔም እህቷ ነኝ። የዚያው እናት ልጅ። ሰኞ ለምርመራ ደም እሰጣለሁ።

ተነሣ መሰለኝ፣ ድምፁ ይሰማኛል። ጣቱን የምናፍታታበት ሰዓት ነው፤ ጠዋትና ማታ አሥር አሥር ጊዜ።