«በአጋጣሚ» ወይስ «በድንገት»? የድሬዳዋ አድማጮች ጥያቄና መልስ

ከመጋላ የደወሉልን እናት፦ «ልጄ ‹የደቻቱ ወንዝ በአጋጣሚ ሞላ› ብሎ ቢጽፍ መምህሩ ‹በድንገት በል› ብለው አረሙት። ልዩነቱ ምንድን ነው?»

እናቴ፣ መምህሩ ልክ ናቸው። «አጋጣሚ» የወጣው «ገጠመ» ከሚለው ግስ ነው። በር ከመቃኑ ሲገጥም፣ ቡድን ከቡድን ሲጋጠም ሁሌም ሁለት ነገር አለ። ሁለቱ ሳይቀጣጠሩ ሲገናኙ አጋጣሚ እንላለን። «ድንገት» ግን አንድ ነገር ይበቃዋል። ሳይታሰብ ከች ካለ ድንገት ነው።

እስቲ ደቻቱን ራሱን እንየው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ደጋው ላይ ዘንቦ፣ ጎርፉ በሌሊት የተኛ ሰው ላይ ደረሰ። ያ ድንገተኛ ጎርፍ ነው። ውሃ ከደጋ ወደ ቆላ መውረዱ ምንም አጋጣሚ የለበትም። ያን ሌሊት ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ሌላ ሰፈር ያደረ ሰው ግን «በአጋጣሚ ተረፍኩ» ቢል ያምርለታል። ጥየቃውና ጎርፉ ሳይቀጣጠሩ ገጥመዋላ!

«ዕድሌ ነው» ቢልም አልተሳሳተም። ግን ዕድል «አደለ» ከሚለው የመጣ ነው፤ የሚያድል አለ ማለት ነው። ስለዚህ «ፈጣሪ አተረፈኝ» ከሚለው ጋር አብሮ ይሄዳል። አጋጣሚ ሰጪ የለውም። ለዚህ ነው ልቅሶ ቤት ገብተን «አጋጣሚ ነው» የማንለው። ልጁን ለቀበረ አባት ቃሉ ባዶ ይሆንበታል። እባካችሁ፣ እዚያ ላይ እንጠንቀቅ።

ከከዚራ የደወለ ወጣት፦ «‹ይህን አጋጣሚ ተጠቅሜ ቤተሰቤን ሰላም ማለት እፈልጋለሁ› እላለሁ። ግን እኮ አስቤበት ነው የደወልኩት። ስህተት ነው?»

አይደለም ወንድሜ። እዚህ ላይ «የተገኘ ምቹ ጊዜ» ማለት ነው። «አጋጣሚው እንዳያመልጥህ» ስንልም ይኸው ነው። ሰላምታህን ቀጥል።

አንዲት እህት ደግሞ «ድሬዳዋ በአጋጣሚ የተቆረቆረች ናት ይባላል፤ እውነት ነው?» ብላናለች።

ይህን አባባል አልወደውም። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ተራራው አስቸገረ፣ ወጪውም ከበደ። ስለዚህ መስመሩ በግርጌው ሜዳ እንዲያልፍ ተወሰነ። በ1902 እ.ኤ.አ. ሐዲዱ ሜዳው ላይ ደረሰ፤ ከተማዋም በጣቢያው ዙሪያ አደገች። ይህ ተሰልቶ የተወሰነ ነገር ነው። «ለሐረር የታሰበው ባቡር ድሬን ወለደ» ብትዪ ይሻላል፣ እህቴ።