ከክሊፍተን ስፕሪንግስ እስከ አልባኒ፦ የኒው ዮርክ ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች እና ሕጋቸው

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማነሳው የሙያ ማኅበር በአንድ ስቴት ውስጥ ምን ሲሠራ እንደኖረ ነው። ሙያው ኦኩፔሽናል ቴራፒ፣ ስቴቱ ኒው ዮርክ። ዓመታቱን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሥራው ሰው ከሕመም ወይም ከጉዳት በኋላ የዕለት ተዕለት ተግባሩን እንዲችል ማገዝ ነው፤ ለማታውቁት አንድ ነገር ላሳያችሁ። ስትሮክ ግራ ጎኑን የያዘው ሰው ሸሚዝ ሲለብስ፣ ሸሚዙ ጭኑ ላይ ይዘረጋል። መጀመሪያ የሚገባው የታመመው እጅ ነው፤ እጅጌው ከክርኑ አልፎ እስከ ትከሻው ይሳባል። ከዚያ ሸሚዙ በጀርባው ዞሮ ደህናው እጅ ይገባል። ሲወልቅ ደግሞ ደህናው እጅ ቀድሞ ይወጣል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ደህናው እጅ እጅጌ ውስጥ ይያዝና የታመመውን የሚስብ እጅ ይጠፋል። ቴራፒስቱ ይህን ከማስተማሩ በፊት የእጁን ጉልበት ይመረምራል፤ ሰውየው በግራው በኩል ያለውን ነገር ልብ ይል እንደሆነም ያያል።

ታዲያ ይህን መርምሮ ማስተማር የሚችለው ማነው? አሜሪካ ውስጥ ይህን የሚወስነው እያንዳንዱ ስቴት በየራሱ ሕግ ነው። የስቴት ማኅበር ያስፈለገውም ለዚሁ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሙያው ብሔራዊ ማኅበር የተመሠረተው እዚያው ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ክሊፍተን ስፕሪንግስ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከማርች 15 እስከ 17 ቀን 1917 ነው። ስብሰባው የተካሄደው በአርክቴክቱ ጆርጅ ባርተን ቤት ነበር። ባርተን የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ነበር፤ ግራ ጎኑም ሽባ ሆኖበት ያገገመ ሰው ነው። ከመሥራቾቹ መካከል ኤሌኖር ክላርክ ስሌግል ነበረች። ለእኔ የኒው ዮርክን ታሪክ ከማንም በላይ የቀረጸችው እሷ ናት። ከ1922 እስከ ዕለተ ሞቷ 1942 ድረስ በስቴቱ የአእምሮ ሆስፒታሎች የሙያውን ሥራ መርታለች። ዘዴዋ የታማሚውን 24 ሰዓት በእንቅልፍ፣ በምግብ፣ በሥራና በዕረፍት መደልደል ነበር።

ይሁን እንጂ ኒው ዮርክ ለሙያው የፈቃድ ሕግ ያወጣችው በ1975 ነው፤ ከፍሎሪዳ ጋር በአንድ ዓመት፣ ከሌሎቹ ስቴቶች ሁሉ ቀድመው። ከምሥረታው 58 ዓመት በኋላ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ የነበረው የብሔራዊው ማኅበር መዝገብ ነው። መዝገቡ በፈቃደኝነት ስለነበር፣ ያልተመዘገበ ሰው በሙያው ስም ሲሠራ ቢገኝ ማኅበሩ ሊያስቆመው የሚችልበት ሥልጣን አልነበረውም። ያን የሚያደርገው የስቴት ሕግ ብቻ ነው።

ሕግ ማስወጣት ግን ጉልበት ይጠይቃል። የስቴቱ ዋና ከተማ አልባኒ ላይ ሁለት ምክር ቤቶች አሉ፤ ረቂቁ በሁለቱም በአንድ ዓይነት ቃል ማለፍ አለበት። አንዱ ቤት አንዲት ሐረግ ከቀየረ ሌላኛው የተቀየረውን ካላጸደቀ ዋጋ የለውም። የስቴቱ ገዥ አስቸኳይ ብሎ መልእክት ካልላከ በቀር፣ የመጨረሻው ጽሑፍ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ሦስት ቀን አባላቱ ዘንድ መቆየት አለበት። እናም በጉባኤው ማብቂያ ሳምንት ላይ ማሻሻያ መቀበል አደገኛ ነው። ቀኑ ያልቅና ረቂቁ ይቀራል። ሁለቱም ቤቶች አሳልፈውት እንኳ ገዥው ሊሽረው ይችላል። ይህን ሁሉ የሚከታተሉት በአብዛኛው ቀን ሆስፒታልና ትምህርት ቤት የሚሠሩ የማኅበሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ከኒው ዮርክ ከተማ እስከ አልባኒ ደግሞ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ሕጉ በትምህርት ሕግ ውስጥ አንቀጽ 156 ነው። ስታነቡት ድርድሩን ታዩታላችሁ። ሙያውን የሚተረጉመው ዓላማ ባላቸው ተግባራት አማካይነት የሰውን የዕለት ተዕለት ኑሮ ችሎታ ማዳበር ብሎ ነው። ያ የሸሚዙ ትምህርት በዚህ ስር ይገባል። ወረድ ሲል ደግሞ ሕክምናው የሚሰጠው በሐኪም ትእዛዝ ወይም ሪፈር ሲደረግ ነው ይላል፤ ነርስ ፕራክቲሽነር፣ ማለትም ከፍተኛ ሥልጠና ያለውና ሕክምና ማዘዝ የሚፈቀድለት ነርስ፣ የተጨመረው በኋላ ነው። ሌላው ዓረፍተ ነገር ፈቃዱ የሐኪምነትን ሥራም ሆነ ሳይኮሎጂን፣ ሳይኮቴራፒን (በንግግር የሚሰጠውን የአእምሮ ሕክምና) ጨምሮ፣ ለመሥራት እንደማያስችል ይደነግጋል። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሌሎች ሙያዎች ድንበራቸውን ሲያስከብሩ የሚገባ ነው። ስሌግል ሃያ ዓመት የደከመችው በአእምሮ ሆስፒታሎች መሆኑን ሳስብ፣ ይህች መስመር በጣም ታሳዝነኛለች።

የስቴታችሁን ማኅበር ታሪክ መጻፍ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ከፕሬዚዳንቶች ስም ዝርዝር አትጀምሩ። የረቂቁን ቅጂዎች በየዓመቱ አሰልፉና የተሰረዘውንና የገባውን አስተያዩ። ቀጥሎ ቃለ ጉባኤውን ከዚያው ወር ጋር አገናኙ፤ ማን እንደተቃወመና ማኅበሩ ምን ለመተው እንደተስማማ የምታገኙት እዚያ ነው። ቃለ ጉባኤ ብዙ ጊዜ በጸሐፊዎች ቤት ካርቶን ውስጥ ስለሚቀር፣ የቀድሞ ጸሐፊዎችን በሕይወት ሳሉ ጠይቁ። የሒሳብ መዝገቡንም አትናቁት። ማኅበሩ አልባኒ ላይ ለሚከራከርለት ሰው መክፈል የጀመረበትን ዓመት የሚነግራችሁ እሱ ነው።