መልክእ ቤት የሚመታው እንዴት ነው?

(ተራኪ)
መልክእ ቅዱሳንን ከስም እስከ እግር ጥፍር ሰላም እያለ የሚያወድስ የግእዝ ግጥም ነው። አንዱን አርኬ፣ ማለትም አምስት መስመር ያለውን አንቀጹን፣ ስትሰሙ ጆሯችሁን የየመስመሩ መጨረሻ ላይ አሳርፉት። ግእዝ ባትችሉ እንኳ አንድ ድምፅ አምስት ጊዜ ሲመለስ ትሰማላችሁ፤ ቤት መምታት የሚባለው ይህ ነው። ከመልክአ ማርያም ስሟን የሚያወድሰውን አርኬ እንይ።

(በማያ ገጹ ላይ)
«ሰላም ለዝክረ ስምኪ ሐዋዝ
እምነ ከልበኔ ወቍስጥ ወእምነ ሰንበልት ምዑዝ»

(ተራኪ)
ስምሽን መጥራት ከከልበኔ፣ ከቍስጥና ከሰንበልት ሽቱ ይልቅ ይጣፍጣል ነው የሚላት። መጀመሪያ «ሐዋዝ»፣ ቀጥሎ «ምዑዝ»። ሦስተኛው መስመር «ማርያም ድንግል» ብሎ ይጠራትና «ትእዛዝ» ላይ ያርፋል። አራተኛው «አዚዝ»፣ አምስተኛው «አርዝ»። አምስቱም በ«ዝ» አለቁ።

አሁን ከ«ዝ» በፊት ያለውን ፊደል ተመልከቱ።

(አምስቱ ቃላት ይደረደራሉ፤ ከመጨረሻ ሁለተኛው ፊደል ይቀላል)

«ዋ»፣ «ዑ»፣ «ዛ»፣ «ዚ»፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሳድሱ «ር»። አንዱም ከአንዱ አይገጥምም፤ መግጠምም አይጠበቅበትም። ቤቱን የሚመታው የመጨረሻው ፊደል ብቻ ነው። እኔ ውበቱን የማየው እዚህ ላይ ነው፤ መድረሻው አንድ ሆኖ መምጫው በየመስመሩ ስለሚለያይ አምስት ጊዜ ቢደገምም አይሰለችም። ደራሲው በዚህም አልረካም። በአምስተኛው መስመር መካከል «ውኂዝ» የሚል ቃል አስገብቶ ያንኑ «ዝ» ቤቱ ሳይደርስ አስቀድሞ ያሰማል።

የመስመሮቹ ርዝመት ግን እኩል አይደለም። የመጀመሪያው አራት ቃል ነው፣ ሁለተኛው ስድስት። አጭሩን የሚያስረዝመው፣ ረጅሙን የሚሰበስበው ዜማው ነው። ስለዚህ መልክእን በወረቀት ላይ ብቻ ያነበበ ሰው ምጣኔው የተዛባ ሊመስለው ይችላል።

አሳቡም ከቤቱ ጋር አብሮ ይጓዛል። ሁለቱ መስመሮች ያወድሳሉ፣ ሦስተኛው ይጠራል፣ የቀሩት ይለምናሉ፤ ጅረት ያማረውን የአርዝ ዛፍ እንደሚያጠጣ የፍቅርሽ ወይን በየማለዳው ያጠጣኝ እያሉ። ቀጣዩ አርኬ አዲስ ቤት ይዞ ይመጣል። ሰላምታውም ከስም ወደ ጠጉር፣ ወደ ራስ፣ ወደ ፊት እያለ እስከ እግር ጥፍር ይወርዳል።

በማሕሌት፣ በቤተ ክርስቲያን ዝማሬ፣ ጊዜ ከአርኬው ቀጥሎ ዚቅ የሚባለው ዝማሬ ይባላል። ዚቁ አርኬውን የሚከተለው በምሥጢር፣ ማለትም በአሳቡ፣ ነው፤ እንደ መልክእ አምስት ጊዜ ቤት የመምታት ግዴታ የለበትም። ሊቃውንቱ ከመልክእ ወደ ዚቅ ሲሻገሩ ልብ ብላችሁ ብታዳምጡ፣ የቤቱ ምት ሲላቀቅ በጆሯችሁ ትለዩታላችሁ።