የሰርጉ ዲቪዲ አልነበብ አለ፤ ምን ይሻላል?

ዛሬ የደወላችሁልን አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁት ስለ ኮምፒውተር ዲቪዲ ማጫወቻ ነው። ከጎጃም የገቡትን አራቱን እነሆ።

ከፍኖተ ሰላም፣ አንዲት እናት፦ «የልጄ የሰርግ ቪዲዮ ያለው በዲቪዲ ብቻ ነው። ዱሮ ኮምፒውተሩ ላይ እናየው ነበር። አሁን ስናስገባው ትንሽ ይዞርና ዝም ይላል። ጠፋ ማለት ነው?»

አይዞዎት እናቴ፣ ገና ጠፋ አይባልም። መጀመሪያ የታመመው ዲስኩ ነው ወይስ ማጫወቻው የሚለውን እንለይ። ሌላ ዲቪዲ ያስገቡ፣ የመዝሙርም ቢሆን። ያ ከሠራ ችግሩ የሰርጉ ዲስክ ላይ ነው። ያም እምቢ ካለ ማጫወቻው ነውና የሰርጉን ዲስክ ኮምፒውተር ቤት ወስደው በሌላ ማሽን ያስሞክሩት።

ዲስኩን ብርሃን ላይ አዘንበል አድርገው ይዩት። የጣት አሻራ ወይ አቧራ ካለው በንጹህ ለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ይጥረጉት። ምጣድ እንደሚያሰሱት ዙሪያውን እንዳያሹት አደራ። ምስሉ የተጻፈው በክብ መስመር ስለሆነ፣ ጭረቱ መስመሩን ተከትሎ ከሄደ ብዙ ነገር አንድ ላይ ይጠፋል፤ መስመሩን አቋርጦ ካለፈ ግን የጎደለችውን ትንሽ ነገር ማሽኑ ራሱ አስልቶ ይሞላታል። አንዴ ከተነበበልዎት ደግሞ ነገ ዛሬ ሳይሉ ፍላሽ ላይ ያስገልብጡት። ተራ ዲቪዲ የሚይዘው 4.7 ጊጋባይት ነው፣ ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃዋል። ስቱዲዮ ቀድቶ የሚሰጠን ዲስክ ምስሉ ያለው ቀለም ላይ ነው፣ ቀለሙን ደግሞ ፀሐይና ሙቀት ይበላዋል። መስኮት ሥር ከርሞ ደብዝዞ የቀረ የሰርግ ዲስክ አይቻለሁ፣ በጣም ያሳዝናል።

ከደብረ ማርቆስ፣ ተማሪ፦ «ዴስክቶፔ ሲዲ ያነባል፣ ዲቪዲ ግን አያነብም። ሌንሱን በአረቄ ጥረገው ያሉኝ አሉ።»

አረቄውን ተወው ወንድሜ። ውሃም ሌላም ነገር አለበት፣ ሲደርቅ ሌንሱ ላይ ጭጋግ ይጥላል። ሲዲና ዲቪዲ የሚነበቡት በተለያየ ጨረር ነው፤ የሲዲው 780፣ የዲቪዲው 650 ናኖሜትር። ለዚህ ነው አንዱ ደክሞ ሌላው የሚሠራው። ግን የዲቪዲ ጽሑፍ የደቀቀ ስለሆነ አቧራም ቀድሞ የሚያውከው እሱን ነው፣ ስለዚህ ሳትጥለው አጽዳው። ገመዱን ከሶኬት ንቀል። የላፕቶፕ ቢሆን ሌንሷ መሳቢያው ላይ ትታይ ነበር፤ ያንተ ሽፋኑ መፈታት አለበት። ምስር የምታክል መስታወት ታገኛለህ። ከ90 ከመቶ በላይ የሆነ አልኮል የጆሮ ጥጥ ጫፍ ላይ ነክረህ፣ ሳትጫን ዳሰስ አድርጋት፣ ምክንያቱም የተንጠለጠለችው እንደ ፀጉር በቀጠኑ ሽቦዎች ነው። ሽፋኑ ክፍት ሳለ ኮምፒውተሩን እንዳታበራው፣ ጨረሩ ዓይን ይጎዳል። ከዚህ በኋላም ካላነበበ ጨረሩ ደክሟል፣ ማጫወቻውን ቀይረው።

ከሞጣ፦ «መሳቢያው አልከፈት አለ፣ ዲስኩ ውስጥ ቀረ።»

ኮምፒውተሩን አጥፉት። ፊቱ ላይ መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ አለች። አግራፍ ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡና ቀስ ብላችሁ ግፉ፣ መሳቢያው ወጣ ሲል በእጅ ሳቡት። የዴስክቶፕ ሆኖ ደጋግሞ ከተያዘ ውስጥ ያለችው ላስቲክ ረግባ ይሆናል።

ከዳንግላ፣ ኮምፒውተር ቤት የከፈተ ወጣት፦ «የደንበኛዬ ዲቪዲ ማጫወቻ ማይ ኮምፒውተር ላይ ጭራሽ አይታይም።»

መሳቢያው ይከፈታል? ካልተከፈተ የመብራት ገመዱን እይ። ከተከፈተ መብራት አለው ማለት ነው፣ እንግዲህ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ውስጥ ገብተህ ፈልገው። እዚያም ከሌለ ማጫወቻውን ከማዘርቦርዱ (ከዋናው ሰሌዳ) ጋር የሚያገናኘውን የሳታ ኬብል ቀይር፣ ማዘርቦርዱ ላይም ሌላ ቀዳዳ ሞክር። ባዮስ ውስጥ ካለና ዊንዶውስ ላይ ብቻ ከጠፋ ዲቫይስ ማኔጀር (የኮምፒውተሩ ዕቃዎች ዝርዝር) ግባ፣ ማጫወቻውን አንኢንስቶል አድርገውና ሪስታርት አድርግ፤ ዊንዶውስ ሲነሳ ራሱ መልሶ ይጭነዋል። እዚያው ኮድ 19 ወይም 39 የሚል የስህተት ቁጥር ካመጣ ብዙ ጊዜ ዲስክ መቅጃ ሶፍትዌር ሲጫን ወይ ሲነቀል ሬጂስትሪው (ዊንዶውስ ቅንብሮቹን የሚያስቀምጥበት መዝገብ) ውስጥ የተወው ነገር ነው፤ አፐር ፊልተርስና ሎወር ፊልተርስ የሚባሉትን መስመሮች ከመዝገቡ የሲዲና ዲቪዲ ማጫወቻ ክፍል ታጠፋለህ። ግን መጀመሪያ የሬጂስትሪውን ኮፒ ያዝ፣ የሰው ኮምፒውተር ነውና።