ስንት ላይ ላድርገው? ለኤሌክትሮድ ብየዳ አምፒር አመራረጥ

[ምስል፦ በአንድ ወፍራም ላሜራ ላይ ጎን ለጎን የተበየዱ ሁለት መስመሮች]

እነዚህን ሁለት መስመሮች እዩአቸው። የተበየዱት በአንድ ማሽን፣ ከአንድ ፓኬት በወጣ ኤሌክትሮድ (ልባስ ያለው የብየዳ ሽቦ)፣ በአንድ ሰው እጅ ነው። የተለየው አምፒሩ፣ ማለትም የኤሌክትሪኩ መጠን ብቻ ነው። በግራ ያለው፣ አምፒሩ ያነሰው፣ ጠባብ ነው፣ ጀርባው ጎበጥ ብሏል፤ ብረቱ ላይ ተጋደመ እንጂ ወደ ውስጥ አልዘለቀም። በቀኝ ያለው፣ አምፒሩ የበዛው፣ ተንጣሏል፣ ዙሪያው ፍንጣሪ ሞልቶታል፣ በጠርዙ በኩልም ዋናው ብረት ተበልቶ ጎድጉዷል። ሰው ለሚቆምበት መሰላል ሁለቱንም አላምናቸውም።

"ስንት ላይ ላድርገው?" ለሚለው ጥያቄ አንድ ቁጥር መስጠት ይቻላል፤ ያ ቁጥር ግን መነሻ ነው። ትክክለኛውን የሚነግራችሁ የቀለጠው ብረት ራሱ ነው። መጀመሪያ መነሻውን እንያዝ።

[ምስል፦ የኤሌክትሮድ ጫፍ፤ ልባስ የሌለበት ባዶ ሽቦ በካሊፐር ሲለካ]

መነሻው የሽቦው ውፍረት ነው። 2.5 ወይም 3.2 ሲባል የተለካው ውስጥ ያለው ሽቦ ነው፤ ልባሱ አይቆጠርም። ስለዚህ የምትለኩት መያዣው የሚነክሰውን ባዶውን ጫፍ ነው። በአብዛኛው የሚያስኬደው ስሌት ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር ከ30 እስከ 40 አምፒር ነው። ለ2.5 ከ75 እስከ 100፣ ለ3.2 ከ96 እስከ 128፣ ለ4 ደግሞ ከ120 እስከ 160 ይመጣል። እኔ 6013 በሚባለው የኤሌክትሮድ ዓይነት ስሠራ 2.5ን በ80፣ 3.2ን በ110፣ 4ን በ150 እጀምራለሁ። ፓኬቱ ላይ የታተመ ክልል ካለ ግን እሱ ይቅደም፤ ልባሱን የቀመመው ፋብሪካው ነውና።

ከ2.5 ወደ 3.2 መሄድ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ልዩነቱ 0.7 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሽቦው ቢቆረጥ የሚታየውን ፊት ስፋት ስታሰሉት ግን የ2.5ቱ 4.9 ካሬ ሚሊሜትር፣ የ3.2ቱ 8 ካሬ ሚሊሜትር ነው። መቅለጥ ያለበት ብረት ከ60 በመቶ በላይ ጨመረ ማለት ነው። ኤሌክትሮዱን ቀይሮ ማሽኑን ያልነካ ሰው ወዲያው መጣበቅ የሚያጋጥመው በዚህ ምክንያት ነው።

በተቃራኒው ቀጭኑን ሽቦ በወፍራሙ አምፒር ብታነዱትስ? ሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት የሚያድገው በአምፒሩ እኩል አይደለም፤ በአምፒሩ ስኩዌር ነው። አምፒሩ 10 በመቶ ሲጨምር ያ ሙቀት 21 በመቶ ይጨምራል። ኤሌክትሮዱ ገና ግማሹ ሳያልቅ ፍም መስሎ መቅላት ከጀመረ አምፒሩ ከአቅሙ በላይ ነው። በዚያን ጊዜ ልባሱ አርኩ (በኤሌክትሮዱ ጫፍና በብረቱ መካከል የሚነደው የኤሌክትሪክ ብልጭታ) ጋ ሳይደርስ ተቃጥሎ ይረግፋል። የልባሱ ሥራ ጋዝና ስላግ (መስመሩን የሚሸፍን ቅርፊት) ሆኖ የቀለጠውን ብረት ከአየር መከለል ነው፤ አስቀድሞ ከተቃጠለ የሚከልል ነገር የለም፣ መስመሩም ይቦረቦራል።

[ምስል፦ የ6013፣ የ7018 እና የ6010 ኤሌክትሮዶች ጎን ለጎን]

ቀጥሎ ልባሱ ራሱ ይመጣል። 6013 የሚለው ጽሑፍ ስለ አምፒር ምንም አይናገርም። 60 የብየዳውን የመጎተት ጥንካሬ ነው የሚነግረን፤ 60 ሺህ ፓውንድ በካሬ ኢንች። 1 በየትኛውም አቅጣጫ መበየድ እንደሚቻል፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች አንድ ላይ ደግሞ የልባሱን ዓይነትና የሚስማማውን ኤሌክትሪክ ያመለክታሉ።

ሦስቱም 3.2 ቢሆኑ 6013 ከ90 እስከ 130 ባለው ውስጥ በሰላም ይነድዳል። 7018 ከፍ ይላል፤ ልባሱ ወፍራም ነው፣ የብረት ዱቄትም አለበት፣ እሱንም ማቅለጥ ያስፈልጋል። ከ110 በታች ስታወርዱት ማኩረፍ ይጀምራል፤ 120 ወይም 125 ለእሱ ጥሩ መነሻ ነው። 6010 ደግሞ ዝቅ ይላል፤ አርኩ ኃይለኛና ቆፋሪ ስለሆነ በ80ዎቹና በ90ዎቹ ብዙ ሥራ ይሠራበታል። ለ6010 ዲሲ (አቅጣጫው የማይቀያየር ኤሌክትሪክ) ግዴታ ነው፣ ኤሌክትሮዱም ፖዘቲቭ ላይ መሆን አለበት። 7018ንም ፖዘቲቭ ላይ አድርጉት። 6013 በኤሲም (አቅጣጫው በሚቀያየረው) በዲሲም ይሠራል፤ ቀጭን ላሜራ ላይ ኔጌቲቩ ላይ ሲደረግ ብዙ ስለማይቆፍር ብረቱን ከመብሳት ያድናል።

[ምስል፦ ቀጭን ቱቦላሬ፤ ከዚያ ወፍራም ብረት በቲ ቅርጽ የተገጠመ]

አሁን ወደ ብረቱ። ቁጥሩን ከመነሻው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚስበው እሱ ነው። ቀጭን ብረት ሙቀቱን የሚያሸሽበት ቦታ ስለሌለው ይበሳል። 1.5 ሚሊሜትር ግድግዳ ያለውን ቱቦላሬ በ3.2 ኤሌክትሮድ ለመበየድ አምፒር እየቀነሱ መታገል ልፋት ብቻ ነው፤ ኤሌክትሮዱ አይነድድም፣ ሲነድድም ይበሳል። የሚቀየረው ኤሌክትሮዱ ነው። 2.0 ያዙ፣ ከ45 እስከ 55 ባለው ውስጥ ሞክሩ። ኤሌክትሮዱ ከብረቱ ብዙ ባይወፍር ይመረጣል።

ወፍራም ብረት ደግሞ ሙቀቱን ይጠጣል። ሁለት ላሜራ ጫፍ ለጫፍ ሲገጠም ሙቀቱ በሁለት አቅጣጫ ይሸሻል፤ በቲ ቅርጽ ሲገጠም በሦስት። ስለዚህ ለቲው ከ5 እስከ 10 አምፒር መጨመር ተገቢ ነው። ረጅም ሥራ ላይ ስትቆዩ ብረቱ ራሱ ይግላል፤ ጠዋት በቀዝቃዛው ብረት የተስማማችሁ ቁጥር ከአራት አምስት ኤሌክትሮድ በኋላ ሊበዛ ይችላል። ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል።

አቋምም አለ። መስመሩን ከታች ወደ ላይ ስትበይዱ የቀለጠው ብረት ወደ መሬት ይጎተታል፤ ትንሽ ሆኖ ቶሎ እንዲረጋ አምፒሩን ከ10 እስከ 15 በመቶ ቀንሱ። ከራስ በላይ ስትበይዱም ትንሽ ቀንሱ፣ አርኩንም አሳጥሩ።

[ምስል፦ በማስክ መስታወት ውስጥ የሚታይ አርክና ቅልጥ ብረት]

ይህን ሁሉ አስልታችሁ ጀመራችሁ እንበል። ዓይናችሁ የት ነው ያለው? የጀማሪ ዓይን ብርሃኑ ላይ ይተከላል። መታየት ያለበት ከብርሃኑ ኋላ ያለው ቅልጥ ብረት ነው። መስታወቱ ከልክ በላይ ከጠቆረ ደግሞ አይታይም፤ እስከ 160 አምፒር ድረስ 10 ቁጥር መስታወት ይበቃል። ከፊት ሁለቱ ጠርዞች ቀልጠው ከኤሌክትሮዱ ብረት ጋር ሲዋሃዱ፣ ከኋላ ደግሞ ስላጉ እየተከተለ ሲረጋ ካያችሁ ልክ ናችሁ። ስላጉ ኤሌክትሮዱን እየቀደመ ቅልጡን ሲሸፍነው ብዙ ጊዜ አምፒሩ አንሷል፤ ያ ስላግ ብየዳው ውስጥ ሊቀበር ይችላል። ቅልጡ ተስፋፍቶ አልረጋ ሲል፣ የተበሉት ጠርዞች ሳይሞሉ ሲቀሩ፣ ፍንጣሪው ሲበዛ አምፒሩ በዝቷል። ጆሯችሁንም አትርሱት፦ የተስማማ አርክ ሳይቆራረጥ ይንጣጣል፣ ያነሰው እየጠፋ ይመጣል፣ የበዛው በኃይል ይፈነዳዳል።

አሁን ደግሞ በጣም የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ፤ የብዙ ሰው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ኤሌክትሮድ በተጣበቀ ቁጥር እጃቸው ወደ አምፒር ማስተካከያው የሚሄድ ሰዎች አሉ። አምፒሩ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ አይደለም።

[ምስል፦ ቀለም ላይ የተነከሰ የኧርዝ ክላምፕ፤ ከዚያ ተፍቆ ባዶ ብረት ላይ]

መጀመሪያ የኧርዝ ክላምፑን፣ የመመለሻውን ኬብል ከብረቱ ጋር የሚያገናኘውን መያዣ፣ እዩ። ቀለም ወይም ዝገት ላይ ከነከሰ መንገዱ ስለሚጠብ አርኩ ይዳከማል። ፍቃችሁ ባዶ ብረት ላይ አስነክሱት። ክላምፑን ነካ ስታደርጉት ከጋለ እዚያ ጋ ኃይል እየባከነ ነው። ኬብሉ ረጅምና ቀጭን ከሆነም እንደዚያው። ማሽኑ ላይ የተጻፈው ቁጥርም ሁልጊዜ አይታመንም፤ 120 የሚል ማሽን 120 ላያወጣ ይችላል። ዲሲ የሚለካ ክላምፕ ሜትር (ኬብሉን አቅፎ አምፒር የሚለካ መሣሪያ) ያለው ሰው እየበየደ ኬብሉ ላይ ቢያስርና ቢያይ ከማሽኑ ጋር ይተዋወቃል።

ከዚያ የአርኩን ርዝመት እዩ። በኤሌክትሮዱ ጫፍና በቅልጡ መካከል ያለው ርቀት ከሽቦው ውፍረት ብዙም መብለጥ የለበትም፤ ለ7018 ከዚያም ያነሰ ነው። የኤሌክትሮድ ብየዳ ማሽን አምፒሩን ያዝ አድርጎ ቮልቴጁን እንዲዋዥቅ ይተወዋል። እጃችሁ ከፍ ሲል ቮልቴጁ ይወጣል፣ ሙቀቱ ይበተናል፣ መስመሩ ይሰፋል፣ ፍንጣሪ ይበዛል። ይህን ያየ ሰው "አምፒሩ በዝቷል" ብሎ ይቀንሳል። ቀጥሎ አርኩን ሲያሳጥር ይጣበቅበታል፤ "አንሷል" ብሎ ይጨምራል። ቀኑን ሙሉ ማስተካከያውን እንደጠመዘዘ ይውላል፣ ስህተቱ ግን የእጁ ከፍታ ነበር።

ሦስተኛው እርጥበት ነው። የረጠበ 7018 መስመሩ ላይ ቀዳዳ ያወጣል፣ ሃይድሮጅን አስገብቶም ብረቱን ቆይቶ ሊሰነጥቀው ይችላል። ይህንን የትኛውም የአምፒር ለውጥ አያድነውም።

[ምስል፦ የኢንቨርተር ማሽን ፊት፤ የሆት ስታርትና የአርክ ፎርስ ማስተካከያዎች]

ኢንቨርተር (በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ማሽን) ያላችሁ፣ ሆት ስታርት የሚለው ማስተካከያ አርኩ ሲለኮስ ብቻ ለአፍታ አምፒር ይጨምራል፤ አርክ ፎርስ ደግሞ አርኩ ሲያጥር ይጨምርና መጣበቅን ይከላከላል። ለወፍራም ብረት ሁለቱም ይጠቅማሉ። ለቀጭን ላሜራ ሆት ስታርቱን አውርዱት፣ አለበለዚያ ገና ስትለኩሱ ይበሳል። ማሽኑ ላይ የተጻፈውን ዲዩቲ ሳይክልም አንብቡ፦ 160 አምፒር በ60 በመቶ ካለ፣ ከ10 ደቂቃ ውስጥ በ160 የሚበየደው 6ቱን ነው፤ 4ቱን ያርፋል።

[ምስል፦ ሁለት ቁራጭ ብረቶች በቲ ቅርጽ፤ በአንድ በኩል ብቻ የተበየዱ]

ዋናውን ሥራ ከመንካታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ከሥራው ብረት ጋር ውፍረቱ እኩል የሆነ ቁራጭ ፈልጉ። ሁለቱን በቲ ቅርጽ አቁማችሁ በአንድ በኩል ብቻ፣ በመነሻ ቁጥራችሁ በይዱ። የእጃችሁን ፍጥነትና የአርኩን ርዝመት አትቀያይሩ፤ አንዴ የሚቀየረው አንድ ነገር ብቻ ይሁን። ሲቀዘቅዝ ስላጉን አራግፉ። የመስመሩ ሞገዶች ክብ ከሆኑ ጥሩ ነው፤ እንደ ቀስት ሹል ከሆኑ እጃችሁ ፈጥኗል ወይም አምፒሩ በዝቷል።

ላዩን አይታችሁ ግን አትቁሙ። መነጽር አድርጉና ቁራጩን ጠረጴዛ ጊራ ላይ እሰሩት፤ የቆመውን ብረት ካልተበየደው በኩል በመዶሻ እየመታችሁ ወደ ብየዳው አጋድሙት፣ ሥሩ ይከፈት። ውስጡን እዩ። እስከ ማዕዘኑ ድረስ የተቀዳደደ ሸካራ ብረት ካያችሁ ተዋህዷል፣ ወደ ዋናው ሥራ ግቡ። በመቁረጫ የወጣው ቀጥ ያለ ጠርዝ ሳይቀልጥ እንዳለ ከተቀመጠ ግን፣ ላዩ ምንም ያህል ቢያምር አልያዘም፤ 5 አምፒር ጨምሩና ሌላ ቁራጭ በይዱ።